የግቢ ዶሮ ያልተፈቀደ የዓመት ፈቃድ

ዶሮ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ላባዋን አራግፋ አዲስ ታበቅላለች። ይህ ክስተት በአዲስ አበባ ግቢዎች እስካሁን በሦስት ንድፈ ሐሳቦች ሲብራራ ቆይቷል፤ አከራይዋ እትዬ «ፈንግል ገብቷል» ይላሉ፣ ጎረቤታቸው «ቡዳ በልቷት ነው»፣ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ድመቷን ትጠረጥራለች። ልብስ እየቀየረች ነው የሚለው አራተኛ ሐሳብ ደጋፊ አላገኘም።

ሂደቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ከራስ ይጀምርና በአንገት በኩል ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል፤ ለጅራት ተራው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። በመሆኑም ለጥቂት ሳምንታት ከአንገቷ ሐዘንተኛ፣ ከጅራቷ ሙሽራ የሆነች ፍጡር በግቢው ትዘዋወራለች። አዲሱ ላባ ደም በያዘ ሰንኮፍ ውስጥ ስለሚበቅል ሲነኩት ያማል፤ አትንኩኝ ስትልም «ኮራችብን» ትባላለች። ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። እንቁላልም ፕሮቲን ይፈልጋል። ቀለቧ ግን የምሳ ትራፊ እንጀራ ነውና ከሁለቱ አንዱን መተው ነበረባት። እንቁላሉን ተወች፤ ለሁለት ሦስት ወር። ቤተሰቡ ይህን የሥራ ማቆም አድማ ብሎ መዝግቦታል።

ፈቃዷን በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ብትወስድ ማንም ባልታዘባት። አታደርገውም። በሰሜኑ ዓለም የቀን ማጠር ምልክት ይሰጣታል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የእኛዋ ቀጠሮዋን ለማንም አታሳውቅም። የአሜሪካ ትልልቅ እርባታዎች ለረጅም ዘመን ጉዳዩን መኖ በመከልከል ይፈቱት ነበር፦ መንጋው ለቀናት ይጾም፣ በአንድነት ይመለጥ፣ በአንድነት ሥራ ይገባ ነበር።

አሳሳቢው ግኝት የትኛዋ ዶሮ እንደምትቆይ የሚወሰንበትን የቤተሰቡን ግምገማ ይመለከታል። ሰነፏ ዶሮ ቀድማ ትጀምራለች፣ እየተጎተተችም ታራግፋለች። ጎበዟ ስትጥል ከርማ ዘግይታ ትጀምርና ብዙ ላባ በአንዴ ጥላ ቶሎ ትጨርሳለች። ስለዚህ በግምገማው ዕለት ሰነፏ አዲስ ገብስማ ለብሳ ታብለጨልጫለች፤ ታታሪዋ እርቃኗን ትቀርባለች። ማን እንደሚባረር ግልጽ ነው። (በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተመሳሳይ አሠራር መኖር አለመኖሩ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።) ፍትሕ የሚሻ ሰው ክንፏን ይዘርጋ፤ 10ሩ ትልልቅ የክንፍ ላባዎች ከውስጥ ወደ ውጭ በተራ ይረግፋሉ። አንድ በአንድ ከወደቁ ሰነፍ ናት፣ ሁለት ሦስቱ አብረው ከወደቁ ትጉ።

በዚህ መለኪያ ትጉነቷ ለተረጋገጠ አንዲት መላጣ ቀይ ዶሮ የሁለት ወር ጊዜ እንዲሰጣት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቤተሰቡ ማብራሪያውን በጥሞና አዳምጦ ፋሲካ ስምንት ቀን እንደቀረው አስታወሰ። ውሳኔው በ12 ብልት ተፈጻሚ ሆኗል፤ ሰንኮፉን ለመልቀም ግን ሦስት ሴቶች እስከ ቀትር ደክመዋል።