ጎሹ የጥይት ቁጥር አያነብም

የዛሬ ጎረምሶች ስለ ጎሽ አደን ሲያወሩ መስማት ጆሮ ያሳምማል። አንዱ «አራት መቶ ሃምሳ ስምንት ካልያዝክ አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ» ይላል። ሌላው «አምስት መቶ!» ብሎ ይጮሃል። ሦስተኛው፣ ከፋሲካ በግ በቀር የሚሞት እንስሳ አይቶ የማያውቀው፣ ስድስት መቶ ላይ ይዘጋዋል። ጨረታ ነው እንዴ? እኔ ጎሽን ያወቅሁት ኦሞ ሸለቆ ውስጥ፣ የእንግዳ ጠመንጃ ተሸክሜ ዱካ ስከተል ነው። ጎሹ የጥይት ቁጥር ሲያነብ አንድም ቀን አላየሁም።

እንግዳው ሲመጣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ይዞ ይመጣል። ብረቱ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል፣ ዋጋው ቤት ያሠራል፣ ክብደቱ አምስት ኪሎ ነው። በዚያ ሐሩር የሚሸከመው ማን ነው? እኔ! ጌታው ውሃውን ብቻ ይዞ እያፏጨ ይሄዳል።

መተኮሱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ካምፕ ውስጥ ኢላማ ሲሞክር፣ ሳያየኝ የተተኮሰ ቀለሃ አጎርስለት ነበር። ምላጩን ሲስብ ቀጭ ብሎ ይቀራል፤ ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። አፈሙዙ ግን ቁልቁል ተደፍቷል፣ ዓይኑ ጥርቅም ብሏል፣ ትከሻው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሰውየው ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ የገዛ ጠመንጃው እየረገጠ ስላስለመደው ነው። ቅንድቡ ላይ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ጠርዝ ያተመበት ጠባሳ ያለውን እንግዳ ሳይማ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ምን እንደያዘ አውቀው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ልብ ላይ አልሞ ሆድ ይመታል። ሆዱን የተመታ ጎሽ ጫካ ይገባል፣ ዞሮ በመጣበት ዱካ አጠገብ አድብቶ ይጠብቃል። ቀድሞ ጫካ የሚገባው ደግሞ ዱካ ተከታዩ ነው። እሱ ማን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ።

በሽታው የቆየ ነው። በ1861 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ሰቲት ወንዝ፣ የኛው ተከዜ ማለት ነው፣ ዳር ሲያድን «ሕፃን» ብሎ የሰየመው ጠመንጃ ነበረው። ሕፃን! ከሩብ ኪሎ ብዙም የማያንስ ፈንጂ የሚተፋ መድፍ እኮ ነው። ተኩሶበት የቀረ አውሬ እንደሌለ ሰውየው ጽፏል፤ ሲተኮስ እሱኑ እንደሚያሽከረክረውና እንደሚፈራው ግን አልደበቀም። እዚያው ወንዝ ዳር ሐምራን የተባሉት ዐረቦች ዝሆንን በፈረስና በሰይፍ ይጥሉ ነበር። አንዱ ፊት ለፊት እየጋለበ ዝሆኑን ያስቆጣል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ፣ ከፈረስ ዘሎ ወርዶ፣ የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ ይበጥሳል። ቤከር ይህን አይቶ በአድናቆት መዝግቦታል። «ሕፃኑን» ግን አልጣለም።

ይህን ስናገር ጎረምሶቹ ካራሞጆ ቤልን ያመጡብኛል። «ያ ስኮትላንዳዊ ከሺህ በላይ ዝሆን ገድሎ የለ? ብዙዎቹንስ በሰባት ሚሊ ሜትር ማውዘር አልነበረም?» ነበር። ኢትዮጵያም ድረስ ዘልቆ አድኗል። ነገር ግን ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ ያጠና ሰው ነው። የዝሆን ግንባር አጥንት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባዶ ባዶ ነው፤ ከፍ ብሎ የገባ ጥይት፣ ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ይሁን፣ ራስ ምታት ሰጥቶ ያልፋል። የቤል ጥይት ደግሞ ቀጭንና ረጅም፣ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ ብረት የለበሰ ስለነበር አጥንት ሲነካው አይጨፈለቅም፤ ቀጥ ብሎ ይዘልቃል። አንተ ልጄ ቤል አይደለህም። የፍየል ሳንባ የት እንዳለ እንኳ የምታውቀው ሥጋ ቤት ገብተህ ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹን አልወቅስም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ከ375 በታች ይዘህ አትግባ ይላሉ። 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የወጣው በ1912 ነው። ጥይቱ ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 19 ግራም ገደማ ሆኖ፣ መካከለኛ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ሊተኩሰው ይችላል። መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ለዘንድሮ ጎረምሳ አይጥመውም መሰለኝ። ጎሹ ግን የዛሬ መቶ ዓመት ከነበረው ጎሽ አልወፈረም!

አሜሪካዊው ጃክ ሎት በ1959 ሞዛምቢክ ውስጥ 458 ይዞ ጎሽ አቆሰለ፤ ጎሹም እሱን አቆሰለው። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ምን ያስባል? በ1971 ከዚያ የባሰ 458 ሠርቶ አረፈው። ነገሩ ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ ያን ጊዜ የ458ቱ ቀለሃ ባሩዱን አጭቆ ስለሚይዘው አንዳንዱ እየረጋ ጥይቱ ይደክም ነበር። ቁጥር ባሩድን አይተካም ማለት ነው።

የጎሽ ልብ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ነው ያለው። ጎኑን ሲሰጥህ የፊት እግሩን ይዘህ ወደ ላይ ውጣ፤ ከደረቱ ሥር ሲሶውን ስትደርስ ቁም፤ እዚያ ተኩስ። መጀመሪያ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈተውን ጥይት፣ ቀጥሎ የማይከፈተውን። ከወደቀም በኋላ ድገመው፤ የጥይት ቆጣቢን ቀብር አይቻለሁ።

እንግዲህ በመጪው በጋ የምትመጡ ሁሉ፣ 375 ያዙ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ቆማችሁ፣ ያለ ጠረጴዛ ተለማመዱበት። ስድስት መቶውን ካላመጣን ካላችሁ ግን ራሳችሁ ተሸከሙት።