ከመቶ ወደ ዘጠና አራት

በአርሲዋ ሮቤ ሻይ ቤት ስለ ስንዴ ዋጋ ለመከራከር ጊዜ አይጠፋም። «ምርጫ ቦርድ በሰጠው መግለጫ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን ሪሞት ይፈለጋል። ማንቸስተር እየተሸነፈም ቢሆን ኳሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ውጤቱ የሚታወቀው ከጨዋታው በኋላ ነው።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ፣ ትዝታ ነው። በግንቦት 2007 ኢሕአዴግ ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቀለለ፤ ለእንግዳ አንዲት እንኳ አላስተረፈም። ስድስት ወር ሳይሞላ ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ለተቃውሞ ተነሡ። መቶ በመቶ የተመረጠው መንግሥት መቶ በመቶ ደነገጠ። ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሲገባ የተቃውሞው ምልክት የሆነውን ክንድ ከራሱ በላይ አጣመረ፤ ያን ሰሞን በእኛ ዘንድ ከወርቁ ይልቅ ብሩ ተወራ። በየካቲት 2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። የምርጫ ካርድ ያቃተውን የተጣመረ ክንድ ቻለው፤ የስንቱን ልጅ ሕይወት ከፍሎ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ከዚያስ? ግንባሩ ሕወሓትን ትቶ ከአጋሮቹ ጋር ተዋሐደና ብልጽግና ተባለ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ከመቶ ወደ ዘጠና አራት መሆኑ ነው! በየምርጫው ስድስት ስድስት እየቀነሰ ከሄደ የልጅ ልጆቻችን ፉክክር ያያሉ።

አደባባይ የወጡት ልጆች እጩ አልነበሩም። ወንበሩን በአብዛኛው ያገኘው ድሮም ፓርላማው ውስጥ ከነበሩት ፓርቲዎች የተዋሐደው ነው።