ማሽኑም ሰዓት ይጠይቃል

የመሥሪያ ቤታችን የጣት አሻራ ማሽን አሥራ ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ይቀር ነበር። ጠዋት ጠዋት ይህን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ እያለከለከ የደረሰ ሁሉ ጣቱን ይጭናል፣ ማሽኑ «ቴንክ ዩ» ይላል፣ አለቀ። ማታ ግን መውጫ ሰዓት ደርሶ ያው ማሽን ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል ሲል፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ ይራገማል። አቤቱታው የተጻፈውም ማታ ነው።

የአይቲው ልጅ መጥቶ ማሽኑን ከሰዓት ሰርቨር ጋር አገናኘው። የሚጠያየቁበትን 123 ቁጥር ፖርት ፋየርዎሉ ዘግቶት ኖሮ ግማሽ ቀን ፈጀበት። አሠራሩን ሲያስረዳኝ ግን ቀናሁ። ማሽኖች ሰዓት የሚጠያየቁበትን ደንብ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዴቪድ ሚልስ የሚባሉ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ናቸው። ጠያቂው «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይልካል፤ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መልሱ ላይ ይጨምራል። ለመንገድ ይታሰብለታል ማለት ነው! መገናኛ ታክሲ ተሰልፈን ለምንመጣው እንዲህ ያሰበልን የለም። ብዙ ሰርቨር ሲጠየቅ ደግሞ ከሌሎቹ የማይገጥመው እንደ ሐሰተኛ ምስክር ይጣላል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ነባሩ ፕሮግራም ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ካለፈ «ይሄስ የጤና አይደለም» ብሎ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። 1000 ሰከንድ አሥራ ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ እኛ ዘንድ ቢቀጠር በመጀመሪያው ስብሰባ በለቀቀ።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። ሰርቨሩ የሚልከው ዩቲሲ የተባለውን የዓለም ሰዓት ነው፤ የእኛ በሦስት ሰዓት ይቀድመዋል። ማሽኑ ላይ የሰዓት ቀጠናውን ያስተካከለ አልነበረምና መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሊነጋጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ እንደገባ ተመዘገበ። ጥበቃው ራሱ በር የሚከፍተው አሥራ ሁለት ላይ ነው! ማታ ደግሞ ሁላችንም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ጥለን ወጣን። የሰው ሀብት ኃላፊዋ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፉ ወይስ የማስጠንቀቂያ፣ ግራ ገብቷቸው ዋሉ።

አሁን ልክ ሆኗል፣ እስከ ሰከንዱ። በዚህም የተነሳ ለሁለት ተኩል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑ ፊት ሰልፍ ነው። ዛሬ ከፊቴ የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ጫኑ፤ እምቢ። በሱሪያቸው ጠርገው ጫኑ፤ እምቢ። እፍ አሉበት።

«ጋሼ፣ በሌላኛው ጣት ይሞክሩ እስቲ» አለ ከኋላ አንዱ።

«እሱማ አልተመዘገበም ልጄ፤ ገና ኮንትራት ነው።»