ካልሲ የለበሰ ካምቢዮ

ወልድያ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ሥራ አይፈታም፤ የጋቢናዎቹን ጌጥ ማየት ብቻ ቀኑን ያስመሽለታል። ክሩስኮቱ ምንጣፍ ለብሷል። አንዱ መስተዋቱ ላይ መቁጠሪያ፣ ሌላው «ማሻአላህ» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥሏል። ሳይጌጥ የቀረው የካምቢዮው ራስ ነበር፤ አሁን እሱም ተራው ደርሶታል። ፋብሪካው የሰጠው ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ይነቀልና የሚያብረቀርቅ የብረት ኳስ፣ ወይም አበባ የተቀበረበት መስተዋት መሳይ ነገር፣ አንዳንዴም ቀይ ቁልፍ ያለው የተዋጊ አውሮፕላን መጨበጫ ይተከላል። ቁልፉ ምንም አይሠራም። ጋቢና የተቀመጠ ሕፃን ግን ሳይጫነው አይወርድም።

ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ ነው። ፎቶው በቴሌግራም ይደርሳል፤ ከዚያ ምክክሩ ይጀመራል። ሙሽራ የሚመረጥ ነው የሚመስለው። «ከበድ ያለ ይሁን» ይላል አዋቂ ነኝ ባዩ። ነገሩ መሠረት አለው፤ አጭር ዘንግ ባለው የስፖርት መኪና ላይ ከባድ ራስ ዘንጉን በክብደቱ እየገፋ ማርሹን ለስለስ አድርጎ ያስገባል። ግን በ1970 እ.ኤ.አ. የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ፖርሽ 917 የካምቢዮ ራሱ ባልሳ ከሚባለው እጅግ ቀላል እንጨት የተሠራ ነበር። መሐንዲሶቹ ከመኪናው ላይ ጥቂት ግራም ለመቀነስ ሲሉ ነው። የእኛ ሰው ሽንኩርት እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ ላይ ፍጥነት ፍለጋ ብረት ይጨምራል።

ሁሉም ስለ ቀለሙ ሲከራከር ስለ ብሎኑ ጥርስ የሚጠይቅ የለም። ቶዮታ በብዙ መኪኖቹ ላይ 12 ሚሊ ብሎን ይጠቀማል፤ ኒሳንና ማዝዳ በብዛት 10 ሚሊ ናቸው። ስለዚህ ኳሱ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ይመጣና ወይ አይገባም፣ ወይ ይዋልላል። ሲዋልል ፌስታል ተጠቅልሎበት ይጠብቃል። ፌስታሉ የሳንቃን ከተማ ያሻግራል። የድልብን ዳገት ሲጀምሩ፣ ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ሳብ ሲያደርግ ኳሱ እጁ ላይ ይቀራል፤ ዘንጉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ተሳፋሪው ዝም ብሎ ሾፌሩን ያያል፤ ሾፌሩም ኳሱን።

ኳሱ ላይ የተቀረጸው የማርሽ ሥዕልም የራሱ ጣጣ አለው። ባለ 6 ማርሽ ሥዕል ባለ 5 ማርሽ መኪና ላይ ይተከላል፤ በሥዕሉ የኋላ ማርሽ ግራ ጥግ ከላይ ነው፣ በመኪናው ቀኝ ጥግ ከታች። ባለቤቱ ለምዶታል። መኪናውን ለአጎቱ ልጅ ያዋሰ ቀን ግን ሥዕሉን ያመነ ልጅ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ስቶ በሞርቶ ሊወርድ ይችላል። ይኼኛው አያስቅም።

ዋናው ፈተና መርሳ ላይ ነው። ከወልድያ በሲሪንቃ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ሲደርሱ አየሩ ሌላ ነው። ሾፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ በማንጎ ዋጋ ሲከራከር ፀሐይዋ በመስተዋቱ ገብታ ብረቱን ታበስለዋለች። ቀጥሎ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው ካምቢዮውን እንደጨበጠ ለቀቀው፤ እጁን እያራገበ ከመቀመጫው ሥር ያገለገለ ቡናማ ካልሲ ጎትቶ አወጣ፤ ኳሱ ላይ አጠለቀና አንገቱን በላስቲክ አሰረው። ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ሞሞ ከሚለው የጣሊያን ማርካ የመጨረሻዋ ክብ ፊደል በቀዳዳው ብቅ ብላ ታያለች። ለእርሷ ሲባል ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ብር የወጣው።

ሌላው ሾፌር የራስ ቅል ተክሏል። ከውርጌሳ የተሳፈሩ አንዲት እናት ጋቢና ገብተው ገና ሳይደላደሉ፣

«ቢስሚላህ! ይሄ የማን ራስ ነው ልጄ?»

«አብሽሪ እናቴ፣ ማርሽ ነው።»

«ማርሽም ይሁን፤ ፊቱን ከእኔ አዙርልኝ።»

ቢያዞረው ይፈታበታል፤ የያዘው ፌስታል ነዋ። እናት በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑት። የራስ ቅሉ እንደ ሐዘንተኛ ተከናንቦ ወልድያ ገባ።

ባጃጆቹ ከዚህ ሁሉ ድነዋል፤ ማርሻቸው በግራ እጅ የሚጠመዘዝ ስለሆነ የሚጌጥ ራስ የለውም። እነሱ በመጋረጃ ተክሰዋል።

አንድ የጋራዥ ሰው አዲስ ኳስ ሊያስተክል የመጣን ወጣት ሾፌር ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። «የካምቢዮውን ዘይት መቼ ነው የለወጥከው?» ልጁ ከልቡ ተገረመ። «ጋሼ፣ እሱ ምኑ ይታያል?» እውነቱን ተናገረ። ኳሱ የተገዛው ለማርሹ ሳይሆን ጋቢና ለሚቀመጠው ሰው ነው። ክፋቱ፣ ያ ሰው የሚያየው ካልሲ መሆኑ ነው።

ለነገሩ ዘመኑም እያለቀ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪኮቹ ደግሞ በአብዛኛው ፍሪሲዮንም፣ የሚለዋወጥ ማርሽም የላቸውም። እስከዚያው ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ፦ የብሎኑን ውፍረትና ጥርስ አስለክታችሁ ሂዱ፤ ሥዕሉን ከመኪናችሁ ማርሽ ጋር አስተያዩ፤ ብረት አትግዙ። ከገዛችሁም፣ እባካችሁ፣ ካልሲው የታጠበ ይሁን።