ማርሹ 21፣ ጎማው የት አለ?

ኧረ ይህ የሳይክል ጣጣ መቼ ነው የሚያልቅልን? ከባሮ ድልድይ እስከ ኒውላንድ ሰፈር ድረስ አንዱ ሳይክሉን እየነዳ ሲያልፍ፣ ሌላው እየገፋ በላብ ተጠምቆ ከኋላው ይከተላል። የአንዱ ጎማ ተንፍሷል፤ የሌላው ሰንሰለት ወልቆ ተወትፏል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለች የሜዳ ከተማ ናት። መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ተማሪውም፣ ነርሷም፣ ከባሮ ዓሣ ይዞ ገበያ የሚሮጠውም በሳይክል ቢሄድ ስንት ድካም በቀረለት ነበር። የሚሸጥልን ሳይክል ግን ለእኛ ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ሱቅ ስትገቡ ከፊት የሚደረደረው «ማውንቴን» የሚባለው ነው። ወፍራም ጎማ፣ ስፕሪንግ፣ ብረቱ ላይ በትልቁ የተጻፈ 21 ማርሽ። ፊት ያሉት 3 ጥርሶች ከኋላ ባሉት 7 ሲባዙ ነው 21 የሚሆኑት፤ ብዙዎቹ ግን ተደራራቢ ናቸው፤ በትልቁ ጥርስ ያገኛችሁትን ጉልበት በመሃለኛውም ታገኙታላችሁ። በአንዳንዶቹ ላይ የፊቱ ትንሹ ጥርስም የኋላው ትልቁም ዙሪያቸውን 28 ሹል ጫፍ አላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ይህ ወደ ጎሬ ለሚያወጣው ዳገት ነው። ለገበያ መንገድ ማን ይፈልገዋል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ከኋላ ጎማ ጎን ተንጠልጥሎ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ማርሽ መቀየሪያ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ጎንበስ ብላችሁ ታች ያለችውን ትንሽ ጥርስ እዩአት፤ ጥቁር ጭቃና ሣር ተጠቅልሎባት መዞር አቅቷታል። ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የመቀየሪያው መያዣ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ ጥርስ ስትቀይሩ መቀየሪያው የጎማው ሽቦ ውስጥ ይገባና ሽቦውንም ራሱንም ሰባብሮ ያርፋል። መለዋወጫ ስትጠይቁ መልሱ ያው ነው፦ «ከአዲስ አበባ ሲመጣ»። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ሠሪው ሰንሰለቱን ያሳጥርና በአንድ ጥርስ ላይ ያስቀርላችኋል። የ21 ማርሽ ዋጋ ከፍላችሁ በአንድ ማርሽ ትነዳላችሁ።

የጎማው ነገርማ አንጀት ያሳርራል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ የግራርና የበደኖ እሾህ ነው። ጎሚስታው የውስጥ ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ያገኘዋል፤ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፈዋል። ጎማው ውስጥ ተሰብሮ የቀረውን የእሾህ ጫፍ በጣቱ ዳስሶ ካልነቀለው ግን ትንሽ ሳትርቁ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ቀኑን ፀሐይ ላይ በዋለ ጎማ ደግሞ ርካሹ ማስቲሽ ይለቃል። ነፋሱም በመኪና ኮምፕረሰር፣ በግምት ነው የሚሞላው። ስንት እንደሚችል ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ሳለ የሚያየው የለም። ሲበዛ ይፈነዳል፤ ሲያንስ ቸርኬው የውስጥ ጎማውን ከድንጋይ ጋር ነክሶ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል።

ልኩም ሌላ ራስ ምታት ነው። ድሮ ማውንቴን ሲባል 26 ኢንች ነበር፤ አሁን 27.5 እና 29 ተጨምረዋል። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በ26ቱ 559፣ በ27.5ቱ 584፣ በ29ኙ 622 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። 29 የገዛ ሰው ጎማው ሲያልቅበት ምትክ ስለማያገኝ ሳይክሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በእግሩ ይሄዳል።

መፍትሔ የሌለው ነገር ቢሆን ዝም ባልን። ማርሹን የሚለዋውጡትን ጥርሶች በሙሉ የኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ከትቶ ከጭቃ የሚሸሽገው የስተርሜይ አርቸር ባለ 3 ማርሽ ከተሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጀርመኖቹ ሮሎፍ በእምብርት ውስጥ 14፣ ፒንየን ደግሞ ፔዳሉ ሥር ባለ የታሸገ ካምቢዮ 18 ማርሽ አስገብተዋል፤ የእነሱ ዋጋ በእኛ አቅም የሚሞከር አይደለም። ቡፋሎ የተባለው፣ ለገጠር መንገድ ታስቦ የተሠራው ሳይክል ግን በ2 ሰንሰለት 2 ማርሽ አግኝቷል፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥ ሲያደርጉት ይቀየራል። የማርሽ ሽቦ የለው፣ የሚንጠለጠል መቀየሪያ የለው። ለሜዳ አገር ከዚህ ወይም ከ3 ማርሽ በላይ ምን ያስፈልጋል? እሾህ የሚመክት ንጣፍ ያለው ጎማም በዓለም ገበያ ሞልቷል።

እባካችሁ፣ ሳይክል የምታስመጡም የምታድሉም፣ ከመግዛታችሁ በፊት መንገዳችንን እዩት። ማርሹን ቀንሱልን፤ በቀነሳችሁት ገንዘብ ጎማውን አጠንክሩልን። ልኩን አንድ አድርጉት፤ ጎሚስታውም አንድ ዓይነት ጎማ ብቻ ይዞ ሁላችንንም ያስተናግዳል። ሳይክል ጭኖ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣ መኪና ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ትርፍ ጎማ ቢጨምር ምን ይከብደዋል?