ዘውዱ የት ገባ?

ዘውድ ወደቀ ብላችሁ የምታዝኑ ሁሉ ተጽናኑ። አልወደቀም፤ ቤት ነው የለወጠው። ዛሬ የተቀመጠው ሥልጣን የሚባል ነገር በደጃችን አይለፍ በሚሉት በነፃ ሶፍትዌር አርበኞች ዘንድ ነው።

ኤሪክ ሬይመንድ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1997 እ.ኤ.አ. የሶፍትዌር አሠራርን ካቴድራልና ባዛር ብሎ ለሁለት ከፈለው። ካቴድራሉን ጥቂት ሊቃውንት በራቸውን ዘግተው ያንፁታል፤ ባዛሩ ግን ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። የባዛሩ ምሳሌ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ነበር። ምን ያለ ገበያ! በሺህ የሚቆጠር ሰው ኮዱን ይዞ ይመጣል፤ ለየክፍሉ ኃላፊ ያቀርባል፤ ደጅ ይጠናል፤ ኃላፊው ከወደደለት ወደ ላይ ያሳልፍለታል። ላይ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ያው ፈጣሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ተቀምጦ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል። ቃሉ ለዓመታት ስድብ የተቀላቀለበት ነበር። በ2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ዞር አለና ተመለሰ፤ ይመለስ ወይስ ይቅር ብሎ ድምፅ የሰጠ የለም። ንጉሡ ራሱን ቀጣ፤ ራሱን ማረ። ከዚህ በላይ ምን ነፃነት አለ?

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሰዎች ይብሳሉ። ስሙን እንኳ አላፈሩበትም፤ የቋንቋውን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሱምን ከ1995 ጀምሮ “የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን” ሲሉት ኖሩ። ቀልድ ነው ይላሉ። ቀልዱ 23 ዓመት ነገሠ። በ2018 ሁለት ነጥብና እኩል ይሆናል ጎን ለጎን በተጻፉባት አንዲት ምልክት ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ንጉሡ አሸነፈ፣ ግን መሮት ዘውዱን ጥሎ ወረደ። ነፃ የወጣው ሕዝብ የአስተዳደር ዓይነት ሲያማርጥ ከርሞ አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጠ። ከአምስቱ አንዱ ማን ሆነ? ጊዶ።

ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት የሚሠሩት ከ1998 ጀምሮ ሕገ መንግሥት አላቸው፤ መሪያቸውንም በየዓመቱ ይመርጣሉ። በ2014 ኮምፒውተር ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም የቱ ይሁን በሚለው ኮሚቴያቸው አራት ለአራት ተከፈለ፤ በሰብሳቢው ድምፅ ተወሰነ፤ የተቆጡትም ዴቭዋን ብለው የራሳቸውን መሠረቱ። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ቢያንስ ማን እንደወሰነ ይታወቃል።

የረቀቁት “አለቃ የለንም” ባዮቹ ናቸው። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2012 ይፋ የወጣው የሠራተኞች መመሪያ አለቃ የለም፣ ጠረጴዛህ ጎማ አለው፣ እየገፋህ ወደወደድከው ሥራ ሂድ ይላል። በዓመቱ ግን ሠራተኞች ሲባረሩ አሰናባች አልጠፋም። አባቶቻችን ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ሲሉ ንጉሥ መኖሩን ያውቁ ነበር። ንጉሥ የለም በተባለበት ቤት ክሱ ለማን ይጻፋል?

ይህን ለነፃ ሶፍትዌር አርበኞቹ ስትነግሯቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ ካልተመቸህ ኮዱን ቅዳና ሂድ። እውነት ነው፤ አገሩን በኪሱ ከትቶ የሚሰደድ የእነሱ ዜጋ ብቻ ነው። አንዳንዴም ይሠራል፤ በ2014 ኖድ ጄኤስ ከተባለው ሶፍትዌር ተገንጥለው አዮ ጄኤስን ያቋቋሙት በዓመቱ አስተዳደሩ ተሻሽሎላቸው ታርቀዋል። ግን ኮዱ እንጂ ሰዉ አይቀዳም። ተገንጣዩም አዲሱ ቤት እንደገባ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ፣ የሚወስነው የማጽደቂያው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን የሚለውን ነው፤ እስካሁን “በጎረቤቴ” ያለ አልሰማሁም።