ተራራ ለመሥራት ፈቃድ

ባለቤቴ የሜሪላንድ ሜዳ አልዋጥልሽ ብሏታል። ትውልዷ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በገዛነው የማዕዘን ቤት ቀና ስትል የሚታያት ግን የጎረቤት ጋራዥ ነው። ስለዚህ በግቢያችን ዳር ጉብታ ይሠራልኝ አለች፤ አበባ የለበሰ፣ መንገዱንም ጋራዡንም የሚከልል።

«ቁመቱስ?» አልኳት።

«እኔን ቢያክል ይበቃል።»

በአገራችን ተራራ የሚሠራው እግዜር ስለሆነ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ የለም። እዚህ አለ። በሜሪላንድ ከ5,000 ካሬ ጫማ ያነሰ መሬት የሚነካና ከ100 ኪዩቢክ ያርድ ያነሰ አፈር የሚያንቀሳቅስ ሰው የደለል መቆጣጠሪያ ፕላን አይጠየቅም። በእኛ ልክ 465 ካሬና 76 ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ 465 ካሬ ያገኘ ሰው ቪላ፣ ሰርቪስና ሦስት ሱቅ ይሠራበታል፤ እዚህ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጥቃቅን ሥራ ነው።

ግዛቲቱ የደለል ሕግ ያወጣችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ከተቆፈረ መሬት በዝናብ የታጠበ አፈር ጅረት ለጅረት ወርዶ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ይገባል፤ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የባሕሩን ሣር ያፍናል። ይህን ሳነብ አባይ ትዝ አለኝ። የኛ አፈር ያለ ፕላን፣ ያለ ማኅተም ሱዳን ወርዶ ሮዛሪስ ግድብ ውስጥ ተኝቷል። ፈቃዳችሁን አሳዩ ያለን የለም።

የቁመቱን ነገር ሂሳብ ጨረሰው። ሣሩ በማሽን የሚታጨድ ጉብታ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር መንደርደሪያ ቢኖረው ይመረጣል፤ አለዚያ ማጨጃው አጫጁን ይዞ ይገለበጣል። ባለቤቴ አንድ ሜትር ከስድሳ ናት። መንደርደሪያው በሁለቱም ጎን ሲሰላ 9 ሜትር ከ60 ወርድ ሆነ። ግቢው በዚያ በኩል ስምንት ሜትር አይሞላም።

«እንግዲህ ወይ ተራራው ወይ ቤቱ» አልኳት።

ወዲያው አልመለሰችም። ዝም ብላ ማሰቧ አስደነገጠኝ።

ማዕዘን ላይ ስለሆንን ደግሞ ሾፌሮች እንዳይተያዩ የሚጋርድ ነገር ማቆም ክልክል ነው። በስንት ድርድር 60 ሳንቲም ላይ ተስማማን። ጮቄ ወርዶ ወርዶ መደብ አከለ።

ቀጥሎ 811 ላይ መደወል ነበረብኝ። አካፋ መሬት ከመንካቱ በፊት ሥር ያለውን መስመር በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉበታል። ለፍሳሽ አረንጓዴ፣ ለጋዝ ቢጫ፣ ለኤሌክትሪክ ቀይ። ከሥራ ስመለስ ሣሩ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ ተሰክቶ ይውለበለባል። የሚያልፍ የሚያገድመው አበሻ ሁሉ መኪናውን እያቆመ የምን በዓል ነው ይላል። አንዱ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎኝ ሄደ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ኮከብ ሊኖረው ይገባል አይገባም በሚል በሬ ላይ ተጣሉ። አስታራቂ ሆኜ አረንጓዴው የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ መሆኑን ባስረዳ ሁለቱም አንድ ላይ እኔ ላይ ዞሩብኝ።

አፈሩ መጣ፣ ተከመረ፣ ሣር ለበሰ። አማቴ ለክረምት መጥተው ስለነበር ወስደን አሳየናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው አንዴ ዞሩት።

«ፈሰሱ የት አለ?»

«የምን ፈሰስ፣ እማማ?»

«ውሃው በየት ይሂድ? በዚያኛው ሰውዬ ቤት?»

የአካባቢውን ደንብ ሳገላብጥ የሰነበትኩት እኔ ነኝ፤ ውስጡን ብትጨምቀው የሚወጣው ይኸው ነው። የጉብታው ውበት አያገባውም፤ ውሃ ሰብስበህ ጎረቤት ላይ እንዳትለቅ ነው ጭንቀቱ። አማቴ በወንዛቸው ስንት ሰው በፈሰስ ሰበብ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ያውቃሉ። የላይኛው ገበሬ ከማሳው ውሃውን በፈሰስ ያወጣል፤ የታችኛው እህሉ ሲታጠብ ዱላ ይዞ ይወጣል። ለዚህ ቅጽ መሙላት አላስፈለጋቸውም።

ወዲያው ዶማ አምጡ አሉ።

«እማማ፣ ለፈሰሱም 811 መደወል አለብን» አልኳቸው። «ሳይነግሩ መቆፈር አደጋ አለው።»

«ደውላ! ማን ከለከለህ?» አሉና ሰማዩን አዩ። «ዝናቡም እንዲጠብቃቸው አብረህ ንገርልኝ።»